ስለ 4,294,967,297፤ የአንድ ታላቅ ቁጥር ባሕርይና ታሪክ

ቁጥር ለሰው ልጅ ከተሰጡት መሣሪያዎች አንዱና የከበረው ነው። ገበሬ የአውድማውን እህል፥ ነጋዴ ወጪና ገቢውን፥ ካህን በዓላትንና አጽዋማትን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዳሩ ግን ቁጥር ለመስፈርና ለመመዘን፥ ለመሸጥና ለመለወጥ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ባሕርይ አለው፤ ይህንም ባሕርይ መርምሮ ማወቅ አእምሮን ይስላል፥ የተረጋገጠውን ነገር ከተገመተው ነገር ለይቶ መያዝን ያስተምራል።

በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው ቁጥር 4,294,967,297 ነው። ሲነበብ አራት ቢሊዮን፥ ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን፥ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት ሺሕ፥ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ይባላል። በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍ ደግሞ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ይሆናል፤ ይኸውም 42 የእልፍ እልፍ፥ 9,496 እልፍና 7,297 ማለት ነው። የቁጥሩን ታላቅነት ለማስተዋል አንድ ሰው ሳይበላና ሳይተኛ፥ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ፥ በየሰኮንዱ አንድ እያለ ቢቆጥር እስከዚህ ቁጥር ለመድረስ ከ136 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ይህ ቁጥር በሒሳብ ታሪክ ውስጥ የታወቀው ስለ ትልቅነቱ አይደለም፤ ከእርሱ እጅግ የሚበልጡ ቁጥሮች አሉና። የታወቀው አንድ ታላቅ ሊቅ ስለ እርሱ የተናገረው ቃል 92 ዓመት ያህል ቆይቶ በሌላ ሊቅ እጅ ስለ ፈረሰ ነው። በመካከሉም የተነሣው ጥያቄ ይህ ነበር፤ የሚታመነው የተናጋሪው ስም ነው ወይስ የነገሩ ማስረጃ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1፤ ብቸኛ ቁጥር ማለት ምን እንደ ሆነ

ከ1 የሚበልጥ ማናቸውም ሙሉ ቁጥር ከሁለት ወገኖች በአንዱ ይመደባል። አንድ መምህር 12 ተማሪዎችን በእኩል ረድፍ ማሰለፍ ቢፈልግ 3 ረድፍ አድርጎ በየረድፉ 4 ተማሪ፥ ወይም 2 ረድፍ አድርጎ በየረድፉ 6 ተማሪ ሊያቆም ይችላል። ተማሪዎቹ 13 ቢሆኑ ግን ሁሉን በአንድ ረድፍ ካላቆማቸው፥ ወይም አንድ አንዱን ለየብቻው ካላቆመው በቀር ረድፎቹ እኩል አይሆኑለትም። እንደ 12 ያለው ቁጥር ተከፋይ ቁጥር ይባላል። እንደ 13 ያለው፥ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 2፥ 3፥ 5፥ 7፥ 11፥ 13፥ 17፥ 19 ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው።

ማናቸውም ተከፋይ ቁጥር ከብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የተሠራ ነው፤ ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቸኛ ነው ወይስ ተከፋይ ብሎ መጠየቅ ቁጥሩ ከምን እንደ ተሠራ መጠየቅ ነው።

ለትንሽ ቁጥር መልሱ ቀላል ነው። 97ን ለመመርመር የሚፈልግ ሰው በ2፥ በ3፥ በ5ና በ7 ብቻ ይሞክራል። ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልገውም፤ 97 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱ የግድ ከ10 ባነሰ ነበር፤ 10 ጊዜ 10 መቶ ሆኖ ከ97 ይበልጣልና። በአራቱም ቀሪ ስለሚተርፍ 97 ብቸኛ ቁጥር ነው።

በታላቅ ቁጥር ግን ሥራው ይከብዳል። 65,536 በራሱ ሲባዛ 4,294,967,296 ይሆናል፤ ይህም ከተነሣንበት ቁጥር በ1 ብቻ ያንሳል። እንግዲህ 4,294,967,297 ተከፋይ ከሆነ ከአካፋዮቹ አንዱ ከ65,536 አይበልጥም። ከ65,536 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ 6,542 ናቸው። ሌላ ዘዴ የሌለው ሰው በእነዚህ ሁሉ ማካፈል ይኖርበታል ማለት ነው።

በቀላሉ የሚታዩት አካፋዮች ግን ወዲያው ይወድቃሉ። የቁጥሩ መጨረሻ አኃዝ 7 ስለ ሆነ በ2ና በ5 አይካፈልም። አኃዞቹ ሲደመሩ 59 ስለሚሆኑና 59 በ3 ስለማይካፈል ቁጥሩም በ3 አይካፈልም። በ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል፤ በ11 ሲካፈልም እንዲሁ 5 ይተርፋል። ከዚህ በኋላ ያለው ድካም ነው።

2፤ ቁጥሩ የተሠራበት መንገድ

ይህ ቁጥር ያለ ሥርዐት የተጠራ ቁጥር አይደለም። 2ን ይዞ በራሱ እያባዙ፥ የተገኘውንም እንደ ገና በራሱ እያባዙ፥ በየደረጃው 1 ሲጨምሩበት የሚወጣው ሐረግ ስድስተኛው ነው። ሐረጉ እንደሚከተለው ነው፤

አንደኛ፤ 2 ሲደመር 1፥ 3 ይሆናል።
ሁለተኛ፤ 2 ጊዜ 2፥ 4፤ ሲደመር 1፥ 5 ይሆናል።
ሦስተኛ፤ 4 ጊዜ 4፥ 16፤ ሲደመር 1፥ 17 ይሆናል።
አራተኛ፤ 16 ጊዜ 16፥ 256፤ ሲደመር 1፥ 257 ይሆናል።
አምስተኛ፤ 256 ጊዜ 256፥ 65,536፤ ሲደመር 1፥ 65,537 ይሆናል።
ስድስተኛ፤ 65,536 ጊዜ 65,536፥ 4,294,967,296፤ ሲደመር 1፥ 4,294,967,297 ይሆናል።

በሌላ አነጋገር 1ን 32 ጊዜ እጥፍ እያደረጉ ሄደው በመጨረሻ 1 ቢጨምሩበት ይኸው ቁጥር ይገኛል።

3፤ የፌርማ ቃል

በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ፒየር ደ ፌርማ የሚባል ሊቅ ነበረ። ሥራው ዳኝነት ነበር፤ በቱሉዝ ከተማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአማካሪነት ያገለግል ነበር። ሒሳብ እንጀራው አልነበረም፤ ነገር ግን ከሥራው በሚተርፈው ጊዜ የቁጥርን ምሥጢር ይመረምርና ያገኘውን ለወዳጆቹ በደብዳቤ ይጽፍ ነበር። እስከ ሞተበት እስከ 1665 ድረስ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በኋላ ዘመን ለተነሡት ሊቃውንት የጥናት መነሻ ሆኑ።

ይህ ሰው በ1640 ፍሬኒክል ለተባለው ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ከላይ የተገለጸውን ሐረግ አነሣ። 3፥ 5፥ 17፥ 257ና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች እንደ ሆኑ አየ፤ ከዚህም ተነሥቶ ሐረጉ እስከ መጨረሻ ድረስ ብቸኛ ቁጥር ብቻ እንደሚያወጣ አመነ። ሆኖም ፌርማ ቅን ሰው ነበረና ፍጹም ማስረጃ እንዳላገኘለት ራሱ አልሸሸገም። ብዙ አካፋዮችን መርምሮ እንዳስወገደና ነገሩን እጅግ እንደሚያምንበት ግን ጻፈ።

የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በእውነት ብቸኛ ናቸው። 65,537 እንኳ በ256 ውስጥ ባሉት 54 ብቸኛ ቁጥሮች እየተካፈለ ቢመረመር ሁሉም ቀሪ ይተዋሉ። ስድስተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚመረመር አይደለም። ስለዚህ የፌርማ ስም ለማስረጃው ዋስ ሆኖ ብዙ ዓመት አለፈ። ሌላው ቃሉ ሁሉ በተመረመረ ቁጥር እውነት ሆኖ ይገኝ ስለ ነበር ይህንንም የሚጠራጠር ጥቂት ነበር።

4፤ የኦይለር ምርመራ

በ1707 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ሌዎናርድ ኦይለር የሚባል ልጅ ተወለደ። በ20 ዓመቱ ወደ ሩስያ ሄዶ በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ገባ። በ1729 ጎልድባኽ የሚባል ወዳጁ በጻፈለት ደብዳቤ፥ ፌርማ ስለዚህ ሐረግ የተናገረውን ታውቃለህን ብሎ ጠየቀው። ኦይለርም በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ብርቱ ጉዳይ አልቆጠረውም፤ ኋላ ግን መመርመር ጀመረ። በ1732፥ ገና የ25 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፥ 4,294,967,297 በ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል ገለጸ። ድርሻውም 6,700,417 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም፤ ሐረጉ በስድስተኛው ላይ ተበጠሰ።

ኦይለር ይህን አካፋይ ያገኘው 6,542ቱን ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ በመሞከር አይደለም። ቁጥሩን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ቢኖር፥ ከዚያ አካፋይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው በ64 ያለ ቀሪ መካፈል እንዳለበት አወቀ። ምክንያቱንም ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ጽሑፍ አብራርቶ ጻፈ።

ይህን ምክንያት ለመረዳት የባሕረ ሐሳብ ትምህርት መልካም መንገድ ይከፍታል። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሰዎች የመግደፍን ሥራ ያውቁታል። ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈው የተረፈውን መደብ ይሉታል፤ ከመደቡ 1 ሲቀንሱ ወንበር ይሆናል፤ ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 በመግደፍ አበቅቴን፥ በ19 አባዝተው በ30 በመግደፍ መጥቅዕን ያገኛሉ። በዚህ ሁሉ የሚፈለገው ድርሻው ሳይሆን ቀሪው ነው። ቀሪውም በዐውድ ይዞራል፤ ዐውደ አበቅቴ በ19፥ ዐውደ ፀሐይ በ28፥ ሁለቱ ተባዝተው ዐውደ ቀመር በ532 ዓመት እንደሚመለሱ ማለት ነው።

የ2 እጥፎችም እንዲሁ ናቸው። 2፥ 4፥ 8፥ 16፥ 32፥ 64፥ 128፥ 256 እያሉ ሲሄዱ እያንዳንዱን በ17 ቢገድፉት ቀሪዎቹ 2፥ 4፥ 8፥ 16፥ 15፥ 13፥ 9፥ 1 ይሆናሉ፤ ከ1 በኋላ እንደ ገና 2 ብሎ ይጀምራል። ዐውዱ 8 ነው፤ 8ም ከ17 በ1 የሚያንሰውን 16ን ያለ ቀሪ ያካፍላል። ይህ ነገር በ17 ብቻ ሳይሆን ከ2 በቀር ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የጸና ሕግ ነው። ሕጉንም በዚያው በ1640 ለፍሬኒክል የገለጸው ራሱ ፌርማ ነበረ።

እንግዲህ አንድ ብቸኛ ቁጥር 4,294,967,297ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ፥ 32ኛውን እጥፍ በእርሱ ሲገድፉት የሚተርፈው ከአካፋዩ በ1 የሚያንስ ቁጥር ይሆናል። በ64ኛው እጥፍ ላይ ደግሞ ቀሪው 1 ሆኖ ዐውዱ ይፈጸማል። ዐውዱ ከ64 ያነሰ ቢሆን ኖሮ ቀሪው ገና በ32ኛው እጥፍ 1 በሆነ ነበር። ስለዚህ ዐውዱ ፍጹም 64 ነው፤ በሕጉም መሠረት አካፋዩ 1 ሲቀነስለት በ64 ይካፈላል።

ይህ ከታወቀ በኋላ ሥራው አጭር ነው። 64ን እያባዙ 1 ሲጨምሩ 65፥ 129፥ 193፥ 257፥ 321፥ 385፥ 449፥ 513፥ 577፥ 641 ይወጣሉ። ከእነዚህ 65፥ 129፥ 321፥ 385ና 513 ራሳቸው ተከፋዮች ስለ ሆኑ ይጣላሉ። የሚቀሩት አምስት ብቻ ናቸው። 4,294,967,297 በ193 ሲገደፍ 109፥ በ257 ሲገደፍ 2፥ በ449 ሲገደፍ 325፥ በ577 ሲገደፍ 288 ይተርፋል። በ641 ሲገደፍ ግን ምንም አይተርፍም። እውነቱ በአምስተኛው ሙከራ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሕጉ በፌርማ እጅ ነበረ፤ በሕጉ ተጠቅሞ አምስት ጊዜ ቢያካፍል ኖሮ ስሕተቱን ራሱ ባገኘው ነበር። ያለ ሕጉም ቢሆን 641 ከ2 ጀምሮ ሲቆጠር 116ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው በጥቂት ቀን ሊደርስበት ይችል ነበር። ስለዚህ የጎደለው እውቀት ወይም ኃይል ሳይሆን ያመኑትን ነገር እንደ ገና መመርመር ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ ነገሩ ከ92 ዓመት በኋላ ጠራ።

5፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚታዩ ሦስት ማስረጃዎች

የኦይለርን ቃል ደግሞ በስሙ ብቻ መቀበል አይገባም። ማስረጃውን ማናቸውም ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ተማሪ ሊያየው ይችላል።

የመጀመሪያው ማስረጃ ግልጥ ማባዛት ነው። 6,700,417 በ600 ሲባዛ 4,020,250,200፥ በ40 ሲባዛ 268,016,680፥ በ1 ሲባዛ 6,700,417 ይሆናል። ሦስቱ ሲደመሩ 4,294,967,297 ይመጣል።

ሁለተኛው ማስረጃ በመግደፍ ነው፤ ከፊተኛውም ያጥራል። 65,536 በ641 ሲገደፍ 154 ይተርፋል፤ 641 ጊዜ 102 65,382 ነውና። ቁጥሩ የተሠራው 65,536ን በራሱ አባዝቶ 1 በመጨመር ስለ ሆነ በታላላቆቹ ቁጥሮች ፈንታ ቀሪውን 154ን በራሱ ማባዛት ይበቃል። 154 ጊዜ 154 23,716 ነው፤ 1 ሲጨመር 23,717 ይሆናል፤ ይህም በትክክል 641 ጊዜ 37 ነው። ስለዚህ ታላቁም ቁጥር በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አበቅቴ የሚያወጣ ሰው ይህን መንገድ ሳይቸገር ይረዳዋል።

ሦስተኛው ማስረጃ ስለ ውበቱ የሚጠቀስ ነው። 641 በሁለት ዓይነት ይጻፋል። በአንድ በኩል 640 ሲደመር 1 ነው፤ 640ም 5 ጊዜ 128 ነው። በሌላ በኩል 625 ሲደመር 16 ነው፤ 625 5 አራት ጊዜ ተጽፎ የተባዛበት፥ 16 ደግሞ 2 አራት ጊዜ ተጽፎ የተባዛበት ነው። አሁን 268,435,456ን፥ ማለት 28ኛውን የ2 እጥፍ፥ በእነዚህ ማባዛት ነው። በ641 ሲባዛ 172,067,127,296 ይሆናል። በ625 ሲባዛ ደግሞ 167,772,160,000 ይሆናል፤ ይህም 640 አራት ጊዜ ተጽፎ የተባዛበት ነው። የሁለቱ ልዩነት 4,294,967,296 ነው። 1 ሲጨመርበት የተነሣንበት ቁጥር ይሆናል። እንግዲህ ቁጥሩ ከ172,067,127,296 ላይ 167,772,159,999 ሲቀነስ የሚቀረው ነው ማለት ነው። ተቀናሹም በ641 ይካፈላል፤ 639 ጊዜ 641 ጊዜ 409,601 ነውና። ሁለቱም በ641 የሚካፈሉ ከሆኑ ልዩነታቸውም ይካፈላል። ድርሻውን ለማግኘት ከ268,435,456 ላይ 639 ጊዜ 409,601፥ ማለት 261,735,039ን መቀነስ ነው፤ የሚቀረውም 6,700,417 ነው።

6፤ የቁጥሩ ሌሎች ባሕርያት

641 ብቸኛ ቁጥር ነው። 6,700,417ም እንዲሁ ብቸኛ ቁጥር ነው። ስለዚህ 4,294,967,297 የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ሦስተኛ አካፋይ የለውም።

ከሐረጉ ውስጥ ከቀደሙት ከአምስቱ ቁጥሮች ጋር ያለው ዝምድናም የሚያስደስት ነው። 3 ጊዜ 5 15 ነው፤ ከ17 በ2 ያንሳል። በ17 ሲባዛ 255 ይሆናል፤ ከ257 በ2 ያንሳል። በ257 ሲባዛ 65,535 ይሆናል፤ ከ65,537 በ2 ያንሳል። በ65,537 ሲባዛ 4,294,967,295 ይሆናል፤ ይህም ከተነሣንበት ቁጥር በ2 ያንሳል። ከዚህ የተነሣ ከቀደሙት አንዱ እንኳ 4,294,967,297ን አያካፍልም፤ ቢያካፍል ኖሮ ልዩነቱን 2ንም ባካፈለ ነበርና።

ጋውስ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1796፥ የ18 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፥ ይህ ሐረግ ከሥዕለ ምድር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል የሆነ ባለ 17 ጎን ቅርጽ ሊሣል እንደሚችል ገለጸ፤ የጥንት የግሪክ ሊቃውንት ይህን አላገኙትም ነበር። በጋውስ ሕግ መሠረት በጎን ቁጥሩ ውስጥ ያሉት ጎዶሎ ብቸኛ አካፋዮች ከዚህ ሐረግ የወጡ፥ የማይደጋገሙም መሆን አለባቸው። ከዚህ ውጭ ያለው እንደማይሣል ደግሞ ቫንትሴል የተባለው ፈረንሳዊ በ1837 አረጋገጠ። ስለዚህ 4,294,967,295 ጎን ያለው ቅርጽ በሕግ ሊሣል ይችላል፤ 4,294,967,297 ጎን ያለው ግን አይቻልም፤ 641 ከሐረጉ የወጣ ቁጥር አይደለምና።

በዛሬው ዘመን ደግሞ ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0ና በ1 ብቻ ነው። 32 ቦታ ቢሰጠው 4,294,967,296 ልዩ ልዩ ጽሕፈት ይወጣል። 4,294,967,297ን ለመጻፍ ግን 33 ቦታ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያውና መጨረሻው 1 ሆኖ በመካከሉ 31 ባዶ ይጻፋል።

7፤ ከኦይለር በኋላ የሆነው

በ1804 በአሜሪካ የተወለደ ዜራ ኮልበርን የሚባል ልጅ ነበረ። ገና 10 ዓመት ሳይሞላው በቃል ሒሳብ ችሎታው ታውቆ ወደ ለንደን ተወሰደ። በዚያም ሊቃውንት ስለዚህ ስለ 4,294,967,297 ሲጠይቁት ያለ ወረቀት አስቦ በ641 እንደሚካፈል መለሰላቸው ተብሎ ተጽፏል።

ከዚህ ቁጥር ቀጥሎ በሐረጉ ሰባተኛው 18,446,744,073,709,551,617 ነው። ይህንም ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ በ1880፥ የ82 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፥ 274,177 ጊዜ 67,280,421,310,721 መሆኑን አገኘ። ስምንተኛው 39 አኃዝ ያለው ሲሆን አካፋዮቹ የተገኙት በ1970 በኮምፒዩተር ነው። እስካሁንም ከ4,294,967,297 ጀምሮ በተከታታይ ያሉት 28 ቁጥሮች ሁሉ ተከፋዮች መሆናቸው ታውቋል። ፌርማ ሁሉም ብቸኛ ናቸው አለ፤ ከእርሱ አምስት በኋላ ግን አንድ ስንኳ ብቸኛ አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ ብቸኛ ቁጥር ይኖራል ወይስ አይኖርም ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ ያቀረበ ሰው እስካሁን የለም።

8፤ ለመምህራንና ለሽማግሎች

ከዚህ ታሪክ ፌርማን መናቅ አይገኝም። ፌርማ ከታላላቆቹ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ነው፤ የኦይለርም ምርመራ የቆመው በፌርማ ሕግ ላይ ነው። የሚገኘው ትምህርት ሌላ ነው። አምስት ምሳሌ ስለ ተስማማ ስድስተኛው ይስማማል ማለት ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ታላቅ ሰው ስለ ተናገረውም ነገሩ አይረጋገጥም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር የመምህሩን ቅኔ ምሥጢሩንና አገባቡን እንደሚጠይቅ፥ ጥያቄውም ለመምህሩ ክብር እንጂ ነቀፋ እንዳልሆነ ሁሉ፥ በሒሳብም ተማሪ ለምን ብሎ ቢጠይቅ ሊመሰገን ይገባዋል። መልሱን ብቻ በቃሉ የያዘ ልጅ መልሱ የተሳሳተ ቀን ማወቂያ የለውም፤ መንገዱን የያዘ ግን ራሱን ያርማል።

የሚከተሉትን ጥያቄዎች መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ጽፈው ተማሪዎቹን ቢያሠሯቸው መልካም ነው።

ሀ) 1ን 32 ጊዜ እጥፍ አድርጉና በመጨረሻ 1 ጨምሩ። (መልስ፤ 4,294,967,297።)

ለ) 3፥ 5፥ 17፥ 257ና 65,537ን አባዙ። ብዜቱ ከ4,294,967,297 በስንት ያንሳል? (መልስ፤ በ2።)

ሐ) 65,536ን በ257 ብትገድፉ ስንት ይተርፋል? ከዚህ ተነሥታችሁ 4,294,967,297 በ257 ሲገደፍ ስንት እንደሚተርፍ ተናገሩ። (መልስ፤ መጀመሪያው 1፥ ሁለተኛው 2።)

መ) አንድን ቁጥር በራሱ አባዝታችሁ ያንኑ ቁጥር ጨምሩበት፤ በዚያም ላይ 41 ጨምሩ። ከ1 እስከ 39 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በዚህ ሥራ ብቸኛ ቁጥር ያወጣሉ። 40ስ? (መልስ፤ 1,681 ይወጣል፤ ይህም 41 ጊዜ 41 ስለ ሆነ ብቸኛ አይደለም። 39 ምሳሌ የተስማማው ነገር በ40ኛው ፈረሰ።)